የቅባት መረጣ ንዑስ ኮሚቴ

ዴልሲ ቫርኮ አንዲቱን የጎማ ቀለበት በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረች። ቀለበቷ ከምስር ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ዙሪያዋን በጥፍሯ ዳሰሰቻት፤ አልተሰነጠቀችም። በንጹሕ ጨርቅ ጠረገቻትና ከእህቶቿ ጎን አስተኛቻት። ከኋላዋ፣ በቆርቆሮው መጋዘን በሌላኛው ጫፍ፣ የከተማዋ የፔይንትቦል ክበብ ኮሚቴ ወንበር እየጎተተ ይቀመጥ ነበር። ታሪክ በሚሠራበት ሰዓት ሁልጊዜ እንዲህ ነው። አንዱ ጥግ ይዞ ቀለበት ይጠርጋል፣ ሌላው ወንበር ይጎትታል፤ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው ግን ወንበር የጎተተው ነው።

ፔይንትቦል ጎልማሳ ሰው ጭቃ ላይ በደረቱ ተኝቶ በሌላ ጎልማሳ ሰው ላይ ቀለም የተሞላች ኳስ የሚተኩስበት፣ ቀለም የነካው ከሜዳ የሚወጣበት፣ የተጋጣሚውን ባንዲራ የነቀለ የሚያሸንፍበት፣ የተከበረ ስፖርት ነው። መተኮሻዋ ጠመንጃ አትባልም፤ ማርከር ትባላለች። ጠመንጃ ብሎ የጠራት አባል በመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ዘጠኝ መሠረት የስብሰባውን ስኒዎች ያጥባል። በዚህ ጥብቅ ሥርዓት የተነሳ የክበቡ ስኒዎች ከአውራጃው ሁሉ የጸዱ ናቸው።

ክበቡ በዚያ ክረምት ሰባት አዳዲስ ማርከሮች ነበሩት፤ በባትሪ የሚሠሩ። በእያንዳንዷ ሆድ ውስጥ አንድ ቀጭን ዘንግ በሰከንድ አሥር ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። የታመቀውን አየር የምትለቅና የምታግድ ከጥፍር የምታንስ የኤሌክትሪክ በር አለች። ዘንጉ የሚንሸራተተው በጎማ ቀለበቶች ላይ ነው፤ ቀለበቶቹም ቅባት ይፈልጋሉ። ጥያቄው የትኛውን ቅባት የሚል ነበር። ይህን ጥያቄ ሌላ ቦታ ቢሆን አንድ ሰው በአንድ ደቂቃ ይመልሰዋል። እዚህ ግን ዴሞክራሲ አለ።

የማርከሮቹ ቁም ሳጥን ቁልፍ በዴልሲ አንገት ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ዴልሲ ቀን ቀን በየጋጣው እየዞረች የወተት ማለቢያ ማሽን ትጠግናለች። ከሰው ይልቅ ከጎማና ከቧንቧ ጋር መነጋገር ይቀናታል፤ ሰው ፊት ስትናገር ዓረፍተ ነገሯን አጋማሹ ላይ ትታው የመሄድ ልማድ አለባት። ሐሙስ ማታ ማታ ይህች የሥራ ጠረጴዛና ይህች ቁልፍ ባይኖሩ ኖሮ በስሟ የሚጠሯት ላሞች ብቻ በሆኑ ነበር፤ ላሞች ደግሞ አይጠሩም። ስለዚህ አንቀጽ አሥራ አራትን በቃሏ ታውቀዋለች። «የኮሚቴውን ውሳኔ የጣሰ ዕቃ ያዥ ቁልፉን ያስረክባል።»

«ስብሰባው ተከፍቷል!» ሲል ክላይቭ ትሬሎር ጠረጴዛውን በቋሊማ መገልበጫ መታው። ክበቡ የዳኛ መዶሻ የለውም፤ የቋሊማ መገልበጫ ግን አራት አለው። ይህች ቃል እስክትነገር ክላይቭ ክላይቭ ነው። ከተነገረች በኋላ ግን ክቡር ሊቀ መንበር ነው፤ የገዛ ሚስቱ ወንድም ሌስ ማጅ እንኳ «እርስዎ» ይለዋል።

«ክቡር ሊቀ መንበር» አለ ሌስ፤ ሁለት መቶ አርባ የሚታለቡ ላሞች አሉት። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ከባሕር ጠረፍ ሰዎች ጋር ነን። ከተሸነፍን ወደ ታችኛው ምድብ ነው። እዚያ ለመጫወት ደግሞ አራት ሰዓት መኪና መንዳት ነው። ማን ይሄዳል? ማንም። ክበቡ አለቀለት ማለት ነው። ስለዚህ ቅባቱ ላይ ቀልድ የለም። በእኔ በኩል የላም ግት ቅባትን የሚስተካከለው የለም። የላሞቼ ግት ሲሰነጠቅ እሱን ነው የምቀባው። የእኔ እጅ ሲሰነጠቅ እሱን ነው። የልጅ ልጄ ቂጥ ሲቀላ…»

«የልጅ ልጅህ ቂጥ በሰከንድ አሥር ጊዜ አይተኩስም» አለች ግሌኒስ ሁፐር ከመዝገቧ ቀና ሳትል።

«ኧረ አላየሽውም!»

«ሥርዓት!» አለ ሊቀ መንበሩ።

ግሌኒስ ጸሐፊ ናት፤ በጎች አሏት። ብዕሯን አስቀመጠች፤ እሷ ብዕሯን ስታስቀምጥ ከባድ ነገር እንደሚመጣ ይታወቃል። «የበግ ጠጉር ስብ ይሁን እላለሁ። ተፈጥሮ ራሷ የሠራችው ነው። በግ ዕድሜ ልኳን ዝናብ ላይ ቆማ ትውላለች። አንድ ቀን የዛገች በግ አይታችኋል?»

ማንም አላየም።

«ሁላችሁም በቅንነት ተናግራችኋል» አለ ክላይቭ። «ነገር ግን በዚህ ክበብ ሠላሳ አንድ ዓመት የተኮስኩት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሁለት ጠብታ የሞተር ዘይት በማርከሬ የአየር መግቢያ አንጠባጥቤያለሁ። አንድ ቀን አልከዳችኝም።»

ይህ እውነት ነው። የክላይቭ የቀድሞዋ ማርከር በእጅ የምትሳብ ድፍን ብረት ነበረች። የኤሌክትሪክ በር ስላልነበራት የኤሌክትሪክ በሯ ተበላሽቶ አያውቅም።

ዴልሲ ከጥጓ እጇን አነሳች። እጇ እስከ ትከሻዋ ብቻ ነው የወጣው።

«እ… መመሪያው ላይ ተጽፏል» አለች። ትንሿን መጽሐፍ ገልጣ ነበር። «ከማርከሯ ጋር በቲዩብ የተላከውን ግሪስ ብቻ፣ በስሱ። ሌላ ምንም። በአየር መግቢያው ደግሞ ዘይት… ዘይት በፍጹም…»

«ማን ነው የጻፈው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ሠሪው ፋብሪካ።»

«ግሪሱንስ የላከው ማነው?»

«እሱው ሠሪው ፋብሪካ።»

ክላይቭ ወደ ኋላው ተደግፎ ሁለቱን ባልደረቦቹን በየተራ ተመለከታቸው። «የጥቅም ግጭት» አለ በሐዘን።

«እኔም ስጠረጥር ነበር» አለ ሌስ። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ።»

ግሌኒስ ጻፈች። «ሠሪው ፋብሪካ የጥቅም ግጭት ያለበት ሆኖ ስለተገኘ አስተያየቱ ከግምት ውጭ ሆኗል።» ከዚያም ላም ያለው ሰው ስለ ላም ቅባት፣ በግ ያላት ሴት ስለ በግ ስብ፣ አሮጌ ትራክተር ያለው ሰው ስለ ሞተር ዘይት፣ ሦስቱም ከማናቸውም ጥቅም ነጻ ሆነው ውይይታቸውን ቀጠሉ።

በዚያ ምሽት የቅባት መረጣ ንዑስ ኮሚቴ ተቋቋመ። አንድ ችግር ነበር፤ ኮሚቴው ራሱ ሦስት ሰው ነው፤ ንዑሱ ከዋናው እንዴት ይነስ? ብዙ ከተመከረበት በኋላ ሦስቱም በንዑስ ኮሚቴው እንዲገቡ፣ ሲሰበሰቡ ግን ጠጋ ጠጋ ብለው እንዲቀመጡ ተወሰነ።

ንዑስ ኮሚቴው ለሁለት ሳምንት ሳይንሳዊ ሙከራ አካሄደ። ሌስ የግት ቅባቱን የጋጣው በር ማጠፊያ ላይ ቀባው፤ ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ሲጮህ የኖረው በር ዝም አለ። ግሌኒስ የበግ ስቡን የመሸለቻ መቀሷ ላይ ቀባችው፤ መቀሷም በጥሩ ሁኔታ ሸለተ። ክላይቭ የሞተር ዘይቱን ትራክተሩ ውስጥ ጨመረ፤ ትራክተሩ ተነሳ። በማርከር ላይ የሞከረ ግን አልነበረም። ዴልሲ አንድ ቀን ግሌኒስን መንገድ ላይ አግኝታ ለምን እንደሆነ በፍርሃት ብትጠይቃት፣ «አንቺ ደግሞ! እንዲህ ባለ ውድ ዕቃ ላይ ሙከራ ይደረጋል?» አለቻት።

ዴልሲም በበኩሏ የራሷን ሙከራ አድርጋለች፤ ማንም ሳያዛት፤ ስለዚህ ሳይንስ አልነበረም። ሦስት የጎማ ቀለበቶች ወስዳ አንዷን በግት ቅባት፣ አንዷን በበግ ስብ፣ አንዷን በሞተር ዘይት በሦስት ስኒ ዘፈዘፈች። አራተኛዋን የቲዩቡን ግሪስ በስሱ ቀብታ ለብቻዋ አስቀመጠቻት። ከሳምንት በኋላ ስታያቸው፣ የግት ቅባቷ ቀለበት የእናት ጡት ያጠገባት ሕፃን መስላ ተነፍታለች። የዘይቷም ወፍራለች። የበግ ስቧ ልስላሴዋን ይዛ ጎኗ ሰፍቷል። የግሪሷ ግን እንደነበረች ናት። እንዲህ የተነፋች ቀለበት ከገባችበት ቦይ እንደማትላቀቅ፣ ዘንጉንም እንደምታንቅ ዴልሲ በማለቢያ ማሽኖቹ ዘመኗን ሙሉ አይታዋለች።

ሐሙስ፣ ግጥሚያው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ቀለበቶቹን በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ስብሰባው ላይ ቀረበች። በልቧ ያጠናችው ንግግር ነበራት። መጀመሪያው «ክቡር ሊቀ መንበር» ነበር። እሱን አለችና የቀረው ጠፋባት፤ ጨርቁን ገልጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

ቀለበቶቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ሌስ የራሱን ቅባት የጠጣችውን አንስቶ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ጨመቃት፤ ዓይኑ በራ።

«እንዴት ወፍራለች!»

«አዎ» አለች ዴልሲ በተስፋ።

«በሳምንት?»

«በሳምንት።»

«ይችን እዩዋት እስኪ» ሌስ ከግሪሷ ቀለበት ጋር ጎን ለጎን ያዛቸው። «ይቺ የፋብሪካው ናት። ከሲታ። አንድ ግራም አልጨመረችም። ይቺ የእኔ ናት። በሰባት ቀን ብቻ! ጥጃ ሆና ብትመጣ ጨረታ ላይ እወስዳት ነበር።»

«ተስማምቷታል» አለ ክላይቭ በአድናቆት።

«የእኔም ትንሽ ሞላ ብላለች እኮ» አለች ግሌኒስ፤ ቅር ብሏት ነበር።

ዴልሲ አፏን ከፈተች። ይህች ከተማ በሣር የምትኖር ከተማ ናት። በትዳርም በከብትም በዱባም የወፈረ ነገር ደህና ነው፣ የከሳ ነገር ሐኪም ይጠራለታል። የወፈረ ነገር ታሟል ብሎ እዚህ መናገር፣ ዝናብ ከታች ወደ ላይ ይዘንባል ከማለት እኩል ነው። «መወፈሯ እኮ…» አለች፤ «መወፈሯ ነው ችግሩ…»

«ዴልሲ» አለ ክላይቭ እንደ አባት፤ «የቀናሽ ትመስያለሽ።»

ከዚያም ሊቀ መንበሩ ተነሥቶ ንግግር አደረገ። ሦስቱም ቅባቶች ፈተናውን ማለፋቸውን፣ አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አንድነትን እንደሚጎዳ፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ከተባለ ሦስቱ ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ ለማሰብ እንኳ እንደሚከብድ አስረዳ። የግት ቅባት ሲሶ፣ የበግ ስብ ሲሶ፣ የሞተር ዘይት ሲሶ ተቀላቅሎ «ጥምር ቅባት» ተብሎ እንዲጠራ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ሦስት ቅባት ሲያብር ምን እንደሚያስር ኮሚቴው ገና አላየም።

ግሌኒስ ጥምሩን ለገና ጣፋጭ በምታዘጋጅበት ጎድጓዳ ሳህን አማስላ፣ የቀይ ሥር ኮምጣጤ በነበረበት ብልቃጥ ሞልታ ዓርብ በምሳ ሰዓት ለዴልሲ አመጣችላት። መልኩ ዝናብ የመታው በግ ይመስላል። ሽታው ትራክተር የገባበት ጋጣ ነው።

«ለእያንዳንዷ አንድ ማንኪያ» አለች ግሌኒስ። «አትሰስቺ።»

«እሺ» አለች ዴልሲ።

ክላይቭም መጥቶ ነበር፤ የራሱን ማርከር ሊወስድ። «የእኔን ቤት ወስጄ ራሴ እቀባታለሁ። መሪ ምሳሌ መሆን አለበት» አለና ከብልቃጡ ሦስት ማንኪያ በሻይ ስኒ ጨልፎ ሄደ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ፣ «ሁለት ጠብታ ዘይትም በአየር መግቢያዋ እጨምርላታለሁ» አላት፤ እንደ ወዳጅ ምሥጢር።

ዴልሲ ብቻዋን ቀረች። ስድስቱ ማርከሮች ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው ተከፍቶ ተደርድረዋል። በቀኟ ብልቃጡ፣ በግራዋ የጥርስ ሳሙና ናሙና የምታህል ቲዩብ። ማንኪያውን አነሳች። የመጀመሪያዋን ዘንግ አነሳች። ማንኪያው ላይ ያለው ነገር በዝግታ፣ በራሱ ፈቃድ፣ ወደ ዳር ይሄድ ነበር።

ቁልፉ አንገቷ ላይ ይቀዘቅዛታል። ውሳኔውን ብትፈጽም ነገ ስድስቱም ማርከሮች ይታነቃሉ፤ ክበቡ ይፈርሳል፤ የማይከፈት ቁም ሳጥን ቁልፍ ይዛ ትቀራለች። ባትፈጽም አንቀጽ አሥራ አራት አለ። ዴልሲ ሰው ፊት ቢሆን አትደፍርም ነበር። ግን ሰው አልነበረም፤ ጎማ ብቻ ነበር፤ ጎማ ደግሞ የጥቅም ግጭት የለበትም።

ማንኪያውን ብልቃጡ ውስጥ መልሳ አራገፈችው፤ ክዳኑንም ገጠመች። ከዚያ የቲዩቡን ግሪስ በትንሹ ጣቷ ጫፍ ነካ እያደረገች ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ቀባች፤ ብርሃን ላይ ሲያዩዋቸው እንዲያብረቀርቁ ያህል፣ ከዚያ የማይበልጥ። ስድስቱን ገጣጥማ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገባች። ብልቃጡንም ከጎናቸው አስቀምጣ ቆለፈች።

ቅዳሜ ደመናማ ነበር፤ ሜዳው ጭቃ፤ የቋሊማው ምጣድ ከጠዋት ጀምሮ ይጨሳል። ከባሕር ጠረፍ የመጡት ሰባት ሰዎች ሰፊ ትከሻ ያላቸው ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ፊሽካ ተነፋ። ስድስቱ ማርከሮች እንደ ልብስ ስፌት መኪና ተንጣጡ፤ አንዲት እንኳ አልሳለችም።

ሰባተኛዋ የሊቀ መንበሩ ናት። ክላይቭ ከአንድ የእንጨት መከለያ ጀርባ ተንበርክኮ አነጣጠረ፣ ሳበ። ማርከሯ እንደ አዛውንት ጉሮሮዋን ጠረገች። እንደገና ሳበ። ከአፈሙዟ ቡናማ አረፋ ወጣ። ሦስተኛ ሲስብ፣ አንዲት ብርቱካንማ ኳስ እንቁላል እንደምትጥል ዶሮ በክብር ተንከባልላ ወጥታ በገዛ ጫማው ላይ ወደቀች፤ ሳትፈነዳ።

«ኧረ ጎበዝ!» አለ አንድ ዓሣ አጥማጅ ከማዶ፤ «አባባ፣ ይታቀፏታል ወይስ እኔ ልተኩስ?»

ተኮሰ። ክላይቭ ግንባሩ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ከሜዳ ወጣ።

ቢሆንም አሸነፉ። በአንድ ሰው ልዩነት፣ በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ ሌስ በሆዱ እየተሳበ ሄዶ ባንዲራውን ነቀለ። የባሕር ጠረፍ ሰዎች አምበል ቋሊማ በዳቦ ይዞ ወደ ክላይቭ መጣ።

«እነዚያን ስድስቱን ምን ብትቀቧቸው ነው?»

ክላይቭ ግንባሩን እየጠረገ ፈገግ አለ። «የኮሚቴ ሥራ ነው፣ ወንድሜ። የኮሚቴ ሥራ።» ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ይህንኑ፣ ዘርዘር አድርጎ፣ ለከተማዋ ጋዜጣ ተናገረ። ማክሰኞ ወጣ፤ ከነፎቶግራፉ። በፎቶግራፉ ክላይቭ የሻይ ስኒ ይዟል።

በሚቀጥለው ሐሙስ ሁለት አጀንዳ ነበር። አንደኛው ለጥምር ቅባቱ ምስጋና ማቅረብ። ሁለተኛው የሊቀ መንበሩ ማርከር በግጥሚያ መሀል በመታነቋ ዕቃ ያዧን መገሠጽ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ተረት ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀ ነው።

የመጀመሪያው በጭብጨባ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ሲደረስ ክላይቭ መነጽሩን አወለቀ።

«ዴልሲ፣ በአንቺ እጅ ካሉት ሰባት ማርከሮች ስድስቱ ሲሠሩ አንዷ ለምን ታነቀች?»

«የእርስዎን አልነካኋትም፣ ክቡር ሊቀ መንበር።»

«እኔም የምለው እሱን ነው። አልነካሻትም!»

«ቤትዎ ወስደው… እርስዎ ራስዎ…»

«ዕቃ ያዥ ማን ነው? እኔ ነኝ?»

ግሌኒስ ትጽፋለች። ሌስ ስለ ባንዲራው የተናገረውን ሰባተኛ ጊዜ ሊናገር ተዘጋጅቶ ተራውን ይጠብቃል። ዴልሲ ወለሉን አየች። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ዕድሜዋን ሁሉ በዚህ ኖራለች፤ እውነትም አንድም ቃል ነቅዞባት አያውቅም። ግን ቅዳሜ ዕለት የሊቀ መንበሩን ማርከር ስትከፍት ያየችው ነገር ትዝ አላት፤ ቀለበቶቹ ከቦያቸው ተርፈው ወጥተው፣ ትንሿ የኤሌክትሪክ በር በዘይት ሰምጣ። እንደ ሰው ነበር ያዘነችላት።

ተነሥታ ወደ ቁም ሳጥኑ ሄደች፤ ብልቃጡን አውጥታ ጠረጴዛው መሀል አስቀመጠችው። ከሦስት ማንኪያ በቀር ሙሉ ነበር።

«ስድስቱን በቲዩቡ ግሪስ ነው የቀባኋቸው» አለች። «ከዚህ የተቀባችው የእርስዎ ብቻ ናት።»

ይህ በሕይወቷ ሰው ፊት ጀምራ የጨረሰችው የመጀመሪያው ንግግር ሳይሆን አይቀርም። ሲያልቅ እሷም ደነገጠች።

የግሌኒስ ብዕር ቆመ።

«አንቀጽ አሥራ አራት» አለ ክላይቭ። እጁን ዘረጋ። «ቁልፉን።»

ዴልሲ ገመዱን በጭንቅላቷ በኩል አወለቀችና መዳፉ ላይ አስቀመጠችው። ክላይቭ ቁልፉን አየው። ለሌስ አቀበለው።

«ኧረ እኔ አልይዝም» አለ ሌስ። «ማርከር በሕግ እንደ መሣሪያ ስለሚቆጠር ቁልፉን ለመያዝ የፖሊስ ፈተና አልፎ ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ፤ ያለፈችው ዴልሲ ብቻ ናት። ለግሌኒስ ስጧት።»

«እኔ መዝገብ እይዛለሁ» አለች ግሌኒስ። «መዝገብና ቁልፍ አንድ ሰው ጋር አይቀመጥም። እርስዎ ይያዙት እንጂ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የተኮሰ ሰው ፈተና ይቀመጣል?»

ቁልፉ ጠረጴዛውን ሁለት ጊዜ ዞሮ ከብልቃጡ ጎን አረፈ።

«ሌላም ነገር አለ» አለ ሌስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ጋዜጣው።»

ሁሉም ስለ ጋዜጣው አሰቡ። የባሕር ጠረፍ ሰዎችም ጋዜጣ ያነባሉ።

ያን ጊዜ ግሌኒስ ብዕሯን አስቀመጠች። «ክቡር ሊቀ መንበር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅ? ዓርብ ከሰዓት በኋላ እስከ ቅዳሜ ጠዋት ብልቃጡ የት ነበር?»

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ» አለች ዴልሲ።

«ስድስቱ ማርከሮችስ?»

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ።»

«ከብልቃጡ ምን ያህል ይርቁ ነበር?»

«እ… ስንዝር።»

«የሊቀ መንበሩስ?»

«ቤቱ ነበረች» አለ ሌስ፤ ገና አልገባውም። ከዚያ ገባው። «ቤቱ ነበረች!»

«እንግዲህ» አለች ግሌኒስ፤ «ከብልቃጡ አጠገብ ያደሩት ስድስቱም ሠሩ። ርቃ ያደረችው አንዷ ታነቀች። እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። የማየውን ነው የምናገረው።»

«ግን እኔ ቀብቻት ነበር እኮ» አለ ክላይቭ።

«ጨልፈው! ከብልቃጡ አውጥተው! ከብልቃጡ ሲወጣ ኃይሉን ያጣል ማለት ነው።»

ክላይቭ ቀስ ብሎ መነጽሩን አደረገ። ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ። የኮሚቴ ሥራ ታላቅነት የሚታየው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው፤ ተራ ቅባት እንዲሠራ መቀባት አለበት፤ በጥንቃቄ የተመከረበት ቅባት ግን ሳይነካም ይሠራል።

የዕለቱ ውሳኔ በግሌኒስ ንጹሕ የእጅ ጽሑፍ እንዲህ ሰፍሯል። ጥምር ቅባቱ ብቃቱ በግጥሚያ ስለተረጋገጠ ከቁም ሳጥኑ እንዳይወጣ፣ ክዳኑም ለዘለቄታው እንዳይከፈት። ማርከሮቹ በአጠገቡ እያደሩ፣ ለይምሰል ያህል በቲዩቡ ግሪስ እንዲነካኩ። ቁልፉ ለጊዜው፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ፣ ዴልሲ ቫርኮ ዘንድ እንዲቆይ። ዴልሲ ቫርኮ ግን ያለ ፈቃድ ትክክል ሆና በመገኘቷ እንድትገሠጽና ለሁለት ቅዳሜ ለቋሊማው ሽንኩርት እንድትከትፍ።

«የምትይው አለ?» አላት ክላይቭ።

«የለም» አለች ዴልሲ። ቁልፉን አንገቷ ላይ መልሳ አጥልቃ ነበር።

«ስብሰባው ተዘግቷል!» መገልበጫው ጠረጴዛውን መታ። ሌስ ስኒዎቹን ሰበሰበ፤ ቅዳሜ በድል ስሜት «ጠመንጃዬ!» ብሎ ጮኾ ነበር። ግሌኒስ መዝገቧን በፕላስቲክ ጠቅልላ በዝናቡ ወጣች።

ዴልሲ ወደ ጥጓ ተመለሰች። የክላይቭ ማርከር እዚያ ሆዷ ተከፍቶ ተቀምጣለች። ቡናማውን ነገር በጨርቅ ትጠርግ ጀመር። ትንሽ ቆይቶ ከኋላዋ ጫማ ተሰማ፤ ክላይቭ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቆሟል። አሁን ስብሰባ የለም፤ ክላይቭ ነው።

«ዴልሲ።»

«አቤት።»

«ትድናለች?»

«ቀለበቶቹን እለውጣለሁ። በሯንም አጥባታለሁ። ትድናለች።»

ክላይቭ ወደ በሩ አየ፤ ሌስ ስኒ እያጠበ ያፏጫል። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በዚያ… በቲዩቡ ትቀቢያታለሽ አይደል? እንደነዚያ?»

«በስሱ።»

«በስሱ» አለ ክላይቭ። «ከእናትሽም የምወደው ይህንኑ ነበር፤ እሷም ብዙ አታወራም ነበር።» ኮፍያውን አደረገ፤ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። «ስትጨርሺ ግን… ብልቃጡን ጠጋ አድርጊላት። አይታወቅም።»

ዴልሲ አዳዲሶቹን ቀለበቶች አንድ በአንድ ብርሃን ላይ አየቻቸው፤ በትንሹ ጣቷ ጫፍ ቀባቻቸው፤ በየቦያቸው አስገባቻቸው። ዘንጉን ስትገፋው ያለ ድምፅ ሄዶ ያለ ድምፅ ተመለሰ። ብሎኖቹን አጠበቀች፤ ማርከሯን በሰባተኛው ቦታ አስቀመጠቻት፤ ብልቃጡን በአንድ ጣቷ ገፋ አድርጋ አስጠጋችላት፤ ቁም ሳጥኑን ቆለፈች።